የቫን ጎግ «የቀትር ዕረፍት»፦ የሚሌ ቅጂ ነው ወይስ የራሱ ሥራ?

ጥያቄው፦ «በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሥዕል አስተምራለሁ። ስለ አዝመራና ስለ አጫጆች የተሣሉ ሥዕሎችን ለተማሪዎቼ ስሰበስብ፣ በክምር ጥላ ሥር የተኙ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሚታዩባቸው ሁለት ሥዕሎች አገኘሁ፤ አንዱ የቫን ጎግ፣ ሌላው የሚሌ ነው። አተኛኘታቸው፣ አውልቀው ያስቀመጡት ጫማ፣ ማጭዶቹ፣ በሩቅ የሚታየው ጋሪ ሳይቀር አንድ ነው። የሚለያዩት በቀለማቸውና በአንዱ በግራ ያለው በሌላው በቀኝ በመሆኑ ብቻ ነው። ይህ ኩረጃ አይደለምን? አቅጣጫውስ የተገለበጠው በስሕተት ነው ወይስ ኩረጃውን ለመሸፈን? ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህር፣ ከጥያቄዎችዎ ሁለተኛውን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ቁልፍ ያለው እሱ ውስጥ ነውና። አቅጣጫው የተገለበጠው በቫን ጎግ ስሕተት አይደለም፤ አንድ ነገር ለመሸፈንም አይደለም። ሥዕሉ የተገለበጠው ቫን ጎግ ብሩሹን ከማንሣቱ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ በእንጨት ቀራጩ እጅ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንስዋ ሚሌ የገበሬን ቀን በአራት ከፍሎ የሚያሳዩ፣ «የቀኑ አራት ሰዓታት» የሚባሉ አራት ንድፎች አዘጋጅቶ ነበር፦ ጠዋት ወደ ሥራ መሄድ፣ ቀትር ላይ ማረፍ፣ የሥራ ማብቂያና ማታ በመብራት ዙሪያ መቀመጥ። እነዚህን ንድፎች ዣክ አድሪያን ላቪዬ የተባለ የእንጨት ቀራጭ በ1860 ቀርጾ ለኅትመት አበቃቸው። በእንጨት ላይ የተቀረጸ ሥዕል ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ሲጫንበት፣ በእንጨቱ ላይ በግራ የነበረው በወረቀቱ ላይ በቀኝ፣ በቀኝ የነበረውም በግራ ሆኖ ይወጣል፤ ማኅተም የቀረጸ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀራጩ አስቀድሞ ንድፉን ገልብጦ ካልቀረጸው በቀር ኅትመቱ የንድፉ ተቃራኒ ይሆናል፤ የሚሌ የቀትር ዕረፍትም የሆነው ይኸው ነው። እርስዎ ያገኙት የሚሌ ሥዕል፣ ባለቀለም ከሆነ፣ በ1866 በፓስቴል (ጠመኔ በሚመስል ደረቅ ቀለም) የሠራውና ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበባት ሙዚየም የሚገኘው መሆን አለበት። በእሱ ላይ ተኝተው የሚታዩት ሰዎችና ክምሩ በቀኝ በኩል ናቸው። ቫን ጎግ ግን ሲሠራ ከፊቱ የነበረው ያ ፓስቴል አይደለም። ከፊቱ የነበረው የላቪዬ ኅትመት ነበር፤ በኅትመቱ ላይ ሰዎቹና ክምሩ በግራ ናቸው፣ በቫን ጎግም ሸራ ላይ በግራ ናቸው።

ይህ ጥቃቅን የኅትመት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ሥዕሉን ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም። አቅጣጫው የሚነግረን ቫን ጎግ ምን ይዞ እንደ ሠራ ነው፤ የያዘው ደግሞ በመጽሔት ገጽ መጠን የሆነ፣ አንዳች ቀለም የሌለበት፣ በጥቁር መስመር ብቻ የቆመ ወረቀት ነበር። እንግዲያውስ በዚያ 73 በ91 ሴንቲ ሜትር በሆነው ሸራ ላይ የምናየው ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ወይን ጠጅ ሁሉ ከየት መጣ? ከሚሌ አልመጣም። የተኙት ሰዎች ቅርጽ የሚሌ ነው፤ ቀለሙ ግን ከዳር እስከ ዳር የቫን ጎግ ውሳኔ ነው። ለዚህ ሠዓሊ ደግሞ ቀለም የተጠናቀቀ ሥራ ላይ የሚደረብ ጌጥ አልነበረም፤ ሥዕሉ የሚናገረውን የሚናገረው በቀለም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ኩረጃ የምንለው አንድ ሰው የሌላውን ሥራ ወስዶ የራሴ ነው ሲል ነው። ቫን ጎግ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች እነዚህን ሥራዎች በግልጽ ከሚሌ የተወሰዱ ብሎ ይጠራቸዋል፤ ኅትመቶቹን ከፓሪስ የሚልክለትም ቴዎ ራሱ ነበር። ሥዕሉን የያዘው የፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየምም በመግለጫው ላይ ከሚሌ የተወሰደ መሆኑን ይጽፋል። ስለዚህ የተደበቀ ነገር የለም። የሚቀረው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው፦ በግልጽ የተቀዳ ሥራ እንዴት የቀጂው ሥራ ሊባል ይችላል? ቫን ጎግ ራሱ ይህን ጥያቄ አንሥቶበታል፣ መልሱንም በጥንቃቄ አስቦበታል።

ወቅቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቫን ጎግ በግንቦት 1889 በገዛ ፈቃዱ በደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ ደ ፕሮቫንስ በሚገኘው ሳን ፖል ደ ሞዞል የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገባ። በሐምሌ አጋማሽ ደጅ ወጥቶ ሲሥል ሕመሙ ተነሣበትና ለሳምንታት ሥራ አቋረጠ፤ ሲያገግምም ለተወሰነ ጊዜ ከክፍሉ መውጣት አልደፈረም። ሰው መሣል የሕይወቱ ትልቁ ምኞት ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚሣልለት ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በሜዳ ላይ አጫጅ የለም። ከመስከረም 1889 ጀምሮ ከሚሌ ሥራዎች እየተነሣ መሣል የያዘው በዚህ ሁኔታ ነው። በመጀመሪያ «የመስክ ሥራዎች» የሚባሉትንና ላቪዬ በ1853 የቀረጻቸውን አሥር ትንንሽ ሥዕሎች አነሣ፤ አጫጅ፣ ነዶ አሳሪ፣ ወቂ፣ በግ ሸላች የሚታዩባቸው ናቸው። በሳን ሬሚ ቆይታው ከሚሌ ብቻ ሃያ አንድ ያህል ሥዕሎችን ሠርቷል። የቀትር ዕረፍቱ የተሠራው በታኅሣሥ 1889 እና በጥር 1890 መካከል ነው። በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ጊዜ፣ በሁለት የሕመም ጥቃቶች መካከል በተገኘ ፋታ፣ በሐምሌ ቀትር የሚነድ ሜዳ ሣለ ማለት ነው።

በመስከረም 1889 ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ ክርክሩን የሚያቀርበው በሙዚቃ ነው። ሠዓሊ ሁልጊዜ የራሱን ድርሰት ብቻ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ በሙዚቃ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ሰው የቤትሆቨንን ሥራ ሲጫወት የራሱን አተረጓጎም ይጨምርበታል፣ ራሱ የደረሰውን ካልሆነ በቀር ማንም አይጫወት የሚል ሕግም የለም ይላል። ከዚያም የራሱን አሠራር ይገልጻል፦ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የደላክሯን ወይም የሚሌን ጥቁርና ነጭ ሥዕል እንደ መነሻ ከፊቱ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ቀለሙን እያፈለቀ ይሄዳል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ሙሉ በሙሉ ከራሱ ብቻ አይደለም፤ የእነሱን ሥዕሎች ትዝታ፣ የቀለማቸውን ስሜት እየፈለገ ነው። ብሩሹ በጣቶቹ መካከል እንደ ቫዮሊን መምቻ ይሄዳል፣ የሚሠራውም ለገዛ ደስታው ነው። በኅዳር መጀመሪያ በጻፈው ሌላ ደብዳቤም፣ ሚሌ በዘይት ቀለም ለመሥራት ጊዜ ያላገኘላቸውን ነገሮች ወደ ሥዕል ማምጣት ተገቢ እንደሆነ እያደር እየታየው መምጣቱን፣ ይህም ተራ መቅዳት እንዳይደለ ይናገራል።

ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ በተለይ ያስተውሉት። «ሚሌ ጊዜ ያላገኘላቸው» ሲል ቫን ጎግ ራሱን የሚያየው እንደ ተፎካካሪ አይደለም፤ ጀምሮ የተወውን ሥራ እንደሚጨርስለት ደቀ መዝሙር ነው። ሚሌ በ1814 በኖርማንዲ ግሩሺ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፣ በ1849 ወደ ባርቢዞን ሄዶ በ1875 እስኪሞት ድረስ በዚያ ኖረ። ቫን ጎግ ከሚሌ ጋር በአካል አልተገናኘም፤ ሆኖም በሚሌ ሞት ዓመት በፓሪስ ለጨረታ የቀረቡ ንድፎቹን ሊያይ በሄደ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ለሙሴ በቍጥቋጦው አጠገብ የተናገረው «የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ናትና ጫማህን አውልቅ» የሚለው ቃል ወደ ልቡ እንደ መጣ ለቴዎ ጽፎለታል። ያኔ ገና የሥዕል ነጋዴ ድርጅት ተቀጣሪ እንጂ ሠዓሊ አልነበረም። ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው በ1880 በቤልጅየም የከሰል ማዕድን አካባቢ ሳለ ነው፤ በዚያ ዓመት በነሐሴ ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ከሚሌ ሥራዎች እየቀዳ እንደሆነና «የቀኑን አራት ሰዓታት» ጨርሶ እንደ ነደፋቸው ይነግረዋል። ስለዚህ ይህንኑ የቀትር ዕረፍት ቫን ጎግ ሁለት ጊዜ አግኝቶታል፤ በመጀመሪያ የሰውን አካል መንደፍ ሊማርበት፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ ከምትገኘው ከአርል ከተማ የበጋ ፀሐይ ያገኘውን ቀለም ይዞ። ተማሪዎችዎ ማየት ያለባቸው አንድ ነገር ካለ ይህ ይመስለኛል፦ አንዱን ሥዕል ጀማሪ ሲቀዳውና የበሰለ እጅ ሲቀዳው ሥራው አንድ ዓይነት አይደለም።

በመካከሉ የሆነውን ላለመዝለል፣ ስለ አርል ጥቂት ልበል። በሰኔ 1888 ቫን ጎግ በአርል ዙሪያ ባለው በላ ክሮ ሜዳ የስንዴ አጨዳ ሲካሄድ ከአንድ ሳምንት እምብዛም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አሥር ሥዕሎችና አምስት ንድፎች ሠራ፤ ያስቆመው ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ከእነዚህ መካከል ዛሬ በአምስተርዳም ቫን ጎግ ሙዚየም የሚገኘው «አዝመራ» የተባለው ሰፊ ሜዳ፣ እሱ ራሱ ከምርጥ ሥራዎቹ የሚቆጥረው ነበር። ያ ሁሉ የታየ፣ ፀሐይ ላይ ተቁሞ የተሠራ ቢጫ ነው። በሳን ሬሚ ክፍሉ ተቀምጦ ጥቁሩን ኅትመት ሲያይ፣ ስንዴው ምን ዓይነት ቢጫ እንደሆነ ከማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

አሁን ሥዕሉን ራሱን እንመልከት። ወንዱ በጀርባው ተንጋሎ እጆቹን ከራሱ ሥር አድርጎ ባርኔጣውን በፊቱ ላይ ደፍቷል፤ ሴቲቱ በጎኗ ተኝታ ፊቷን በክንዶቿ ውስጥ ቀብራለች። የሁለቱም ፊት አይታይም። አጠገባቸው ሁለት ማጭዶችና የወለቀ ጫማ አለ። ከኋላቸው ክምሩ ቆሟል፤ በሩቅ ጋሪና በሬዎች ይታያሉ። እስከዚህ ያለው ሁሉ የሚሌ ነው። ቫን ጎግ አንድም ሰው አልጨመረም፣ አንድም ዕቃ አልቀነሰም፤ በዚህ ረገድ ታማኝነቱ የሚያስገርም ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከጥላው ነው። በጥቁርና ነጭ ኅትመት ጥላ ማለት የተጠጋጉ ጥቁር መስመሮች ማለት ነው፤ ብርሃን ደግሞ ያልተነካ ወረቀት ነው። ቫን ጎግ ይህን የጨለማና የብርሃን ልዩነት ወደ ሁለት የቀለም ወገኖች ለወጠው፤ በአንድ በኩል ሰማያዊና ወይን ጠጅ፣ በሌላ በኩል ቢጫና ብርቱካንማ። ሰማዩና የሁለቱ ሰዎች ልብስ በአንደኛው ወገን፣ ክምሩ፣ ነዶውና ገለባው በሌላኛው ወገን ቆሙ። እነዚህ በቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙ ቀለማት ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። ቫን ጎግ ይህን ሕግ በ1884 ገደማ በኔዘርላንድ ኑነን በተባለች መንደር ሳለ ከሥነ ጥበብ ጸሐፊው ከሻርል ብላን ሥራዎች አጥንቶታል፤ ያኔ ግን ሥዕሎቹ ገና የጠቆሩና የአፈር ቀለም የነበራቸው ናቸው። ሕጉን በማወቅና በሕጉ በመሣል መካከል ለእሱ የፓሪስና የአርል ዓመታት አስፈልገዋል።

ውጤቱን ልብ ብለው ይመልከቱት። የተኙት ሰዎች በጥላ ውስጥ ናቸው፤ በጥላ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ የደበዘዘ መሆን ነበረበት። እዚህ ግን ከሥዕሉ ሁሉ በላይ ዓይን የሚይዘው በቢጫው ላይ የተቀመጠው የልብሳቸው ሰማያዊ ነው። ሙቀቱን የምናውቀው ከተሣለች ፀሐይ አይደለም፤ ፀሐይ በሥዕሉ ውስጥ የለችም። ሙቀቱ ከቢጫው፣ ዕረፍቱ ከሰማያዊው ይመጣል፤ ሁለቱ እየተገፋፉ ሥዕሉን ያቆሙታል። ሚሌ በፓስቴሉ ላይ ለስለስ ያሉ ቀለሞችን ተጠቅሞ የሰዎቹን ድካም ጸጥ ባለ አየር ውስጥ አስቀመጠ። ቫን ጎግ ግን ሰዎቹን አስተኝቶ ቀለሙን አነቃው። እኔ ይህን ሥዕል የራሱ ሥራ ነው የምለው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው፤ በሚሌ ሥራ ውስጥ ይህ ተቃርኖ የለም።

የብሩሽ አጣጣሉም ሊጠና ይገባዋል። በገለባው ላይ አጫጭርና ወፍራም ምቶች፣ በልብሱ ላይ የአካሉን ቅርጽ እየተከተሉ የሚታጠፉ ምቶች ይታያሉ። እነዚህን ከላቪዬ ቅርጽ መስመሮች ጋር ሳነጻጽራቸው፣ ቫን ጎግ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን የቀራጩን መስመር የሚሄድበትን መንገድም በብሩሹ የተከተለ ይመስለኛል። ቀራጭ በስለቱ ጥላን የሚገነባው በመስመር ነውና፣ በመስመር ማሰብ ለለመደ ሠዓሊ ይህ የሚመች ትምህርት ነው። ስለዚህ ላቪዬንም ከዚህ ታሪክ ማስወጣት ተገቢ አይመስለኝም፤ የምናየው የሁለት ሳይሆን የሦስት ሰዎች ሥራ ነው።

ምስሉን ከትንሽ ወረቀት ወደ ትልቅ ሸራ ስለማሸጋገሩም ተማሪዎች ይጠይቃሉ። ቫን ጎግ በዚህ ወቅት የሚታወቀውን የአራት ማዕዘን መረብ ዘዴ (ምስሉንም ሸራውንም በካሬዎች ከፍሎ ካሬ በካሬ መቅዳት) ተጠቅሟል፤ በጥር 1890 ከሚሌ የሠራው «የመጀመሪያ እርምጃዎች»፣ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው፣ የሚሌ ሥራ በፎቶግራፍ ቀርቦለት በላዩ መረብ ተሠምሮ የተሸጋገረ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሸራው ላይ የሚደረገውን የሚወስን መረብ የለም።

የቫን ጎግ ምርጫ በዘመኑ ጓደኞቹ መካከል ምን ቦታ እንደነበረውም መነገር አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፖል ጎጋንና ኤሚል በርናር ሠዓሊ ከትዝታና ከምናብ እንዲሥል ይሹ ነበር። ቫን ጎግ በአርል ከጎጋን ጋር በነበረበት ጊዜ ሞክሮት ነበር፤ በኋላ ግን አልተቀበለውም፤ በኅዳር 1889 መጨረሻ ለበርናር በጻፈው ደብዳቤ የበርናርን ከምናብ የተሣሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ትዕይንቶች በጠንካራ ቃል ነቅፏል። እንግዲህ ከፊቱ የሚሣልለት ሰው የለም፣ ከምናቡም መሣል አይወድም፤ ሰው መሣል ግን ይፈልጋል። የሚሌ ኅትመቶች ይህን ቋጠሮ ፈቱለት። ሚሌ ገበሬውን በዓይኑ አይቶ፣ ሥራውን በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ስለነበር፣ በእሱ መስመር ላይ መቆም ለቫን ጎግ በእውነተኛ መሬት ላይ እንደ መቆም ነበር። ከኢምፕሬሽኒስቶች ቀጥለው የመጡ ሠዓልያን የሚጠሩበት ድኅረ ኢምፕሬሽኒዝም የሚለው ስም በ1910 እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ሮጀር ፍራይ በለንደን ባዘጋጀው ትርኢት ላይ ለቫን ጎግና ለጎጋን በአንድነት ሲሰጥ ሁለቱም ሞተው ነበር፤ ስሙ አንድ ያደረጋቸውን ያህል በሕይወት ሳሉ በዚህ ጉዳይ አንድ አልነበሩም።

በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ የሁለቱ አጫጆች እንቅልፍ የሞት ምሳሌ ነው ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ። የዚህ ምንጭ ምን እንደሆነ መገመት ይቻላል። ቫን ጎግ በዚያው በ1889 ከክፍሉ መስኮት በሚታየው ባለግንብ የስንዴ እርሻ ውስጥ አንድ አጫጅ ሥሎ ነበር፤ በመስከረም መጀመሪያ ለቴዎ ስለ እሱ ሲጽፍ፣ በአጫጁ ውስጥ የሞትን ምስል እንደሚያይ፣ የሰው ልጅም የሚታጨደው ስንዴ እንደሆነ፣ ሆኖም በዚህ ሞት ውስጥ ሐዘን እንደሌለ፣ ሁሉም በጠራ የቀን ብርሃን፣ በወርቃማ ፀሐይ ሥር እንደሚፈጸም ይናገራል። ይህ ለ«አጫጁ» የተባለ ነው። ይህን ቃል አንሥቶ በቀትር ዕረፍቱ ላይ መለጠፍ ግን ተገቢ አይደለም፤ ጫማውን አውልቆ፣ ባርኔጣውን በፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ማጭዱን ከሚስቱ ማጭድ አጠገብ ያኖረ ሰው የተኛው ደክሞት ነው፤ ሲነሣም ይሠራበታል። ሚሌም ይህን ሥዕል ያስቀመጠው በጠዋቱ መውጣትና በማታው መግባት መካከል ነው፤ ከአራቱ ነጥሎ ማየት ራሱ ትርጉሙን ያዛባዋል። የሚቻል ከሆነ ለተማሪዎችዎ ቫን ጎግ የሠራቸውን አራቱንም ያሳዩአቸው። ጠዋቱ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ፣ ቀትሩ በኦርሴ፣ የሥራ ማብቂያው በጃፓን ኮማኪ ከተማ በሜናርድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ማታው በአምስተርዳም ቫን ጎግ ሙዚየም ይገኛሉ።

መቅዳት በራሱ ነውር ነው የሚለው አስተሳሰብ እንኳን በአውሮፓ በእኛም አገር የሥዕል ታሪክ ውስጥ ሥር የለውም። በ1590 እና በ1591 ሮም በሚገኘው የሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙት ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነው። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደርሶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ዘመን ሠዓልያን የወንጌል መጻሕፍትን ሲያስጌጡ ሥዕሎቹን ምሳሌ አደረጓቸው። እነሱም የነበራቸው ጥቁርና ነጭ ኅትመት ነበር፤ ቀለሙን ከራሳቸው አመጡ፣ ፊቱንና አልባሳቱን በራሳቸው ወግ ሠሩት። እነዚያን የብራና ሥዕሎች የቴምፔስታ ኩረጃ ናቸው የሚል የታሪክ ባለሙያ አላውቅም። በእርግጥ ልዩነት አለ፤ የጎንደሩ ሠዓሊ ምሳሌ መከተልን እንደ ግዴታው ያይ በነበረ ማኅበር ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ቫን ጎግ ግን አዲስነት በሚመለክበት ዘመን ይኖር ስለነበር ለቴዎ በደብዳቤ መከራከር አስፈለገው። የሥራው መንገድ ግን ያው ነው፣ ምሳሌውም ለተማሪዎችዎ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ቴዎ በግንቦት 1890 መጀመሪያ ከሚሌ የተወሰዱት ሥራዎች ደርሰውት ባየ ጊዜ፣ ከሠራሃቸው ሁሉ ምናልባት እነዚህ ከሁሉ የሚያምሩ ናቸው፣ ብዙ ሰዎች ያሉበትን ሥዕል ራስህ ማቀናበር የጀመርህ ዕለት ገና ብዙ የሚያስደንቅ ነገር ይመጣል የሚል ሐሳብ ጻፈለት። ቴዎ የሥዕል ነጋዴ ነበር፣ ቅጂና ሥራ የሚለይ ዓይን ነበረው፤ ፍርዱን የወንድም ፍቅር ብቻ አድርጌ አልወስደውም። ቫን ጎግ በዚያው ወር ሳን ሬሚን ለቆ ወጣ፣ በሐምሌ 29 አረፈ፤ ቴዎ የጠበቃቸው ሥዕሎች አልተሠሩም። ስለዚህ ቫን ጎግ ብዙ የገበሬ ሰዎችን በሙሉ አካል፣ በበሰለ ቀለሙ ሣለ የምንልባቸው ሥራዎች ካሉ በአብዛኛው እነዚሁ ከሚሌ የተነሡት ናቸው። ይህ የሚያሳዝን እውነት ነው፤ «ቅጂዎች» ተብለው ከመጻሕፍት ጀርባ ሲወረወሩ የሚያናድደኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ለክፍልዎ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የቫን ጎግን ሥዕል አስቀድመው አያሳዩአቸው። የላቪዬን ጥቁርና ነጭ ኅትመት አባዝተው ለእያንዳንዱ ተማሪ ይስጡና፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ድካሙ በቀለም ብቻ እንዲናገሩ ይጠይቋቸው፤ መስመሩን መለወጥ አይፈቀድም። ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ሥራዎቹን ጎን ለጎን ይስቀሉ፤ አንድ ዓይነት ሥዕል እንደማያገኙ እርግጠኛ ነኝ። የቫን ጎግን ከዚያ በኋላ ያምጡት፣ የሚሌንም ፓስቴል ከአጠገቡ ያኑሩ። ሲያሳዩአቸው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በስልክ ላይ የሚገኙት ምስሎች የቢጫውንና የሰማያዊውን ጉልበት በየራሳቸው ያዛባሉ፤ ከሙዚየሙ ከራሱ ድረ ገጽ የተወሰደውን ይምረጡ። ከዚህም ሌላ ቫን ጎግ በእነዚያ ዓመታት ይጠቀምበት የነበረ አንድ ቀይ ቀለም በብርሃን የሚደበዝዝ ስለነበር፣ በአርል የሣለው የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ወይን ጠጅ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ተማሪዎች በማንኛውም የዚያ ዘመን ሥራው ላይ ስለ ወይን ጠጁ መጠን ሲከራከሩ፣ ዛሬ የሚታየው ሁልጊዜ ሠዓሊው ያኖረው ቀለም ላይሆን እንደሚችል ይንገሯቸው።